ለኦርጋን ብቻ የተጻፉ የዘመናችን ሶናታዎች፦ ትንሽ ኦርጋን ያለው ሰው ከየት ይጀምር?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ፒያኖ ለዓመታት ተጫውቻለሁ፤ አሁን የቧንቧ ኦርጋን እየተማርኩ ነው። የምለማመድበት ኦርጋን ትንሽ ነው። ሁለት የእጅ ኪቦርድና ፔዳል አለው፣ ቁልፉም ስቶፑም (የትኛው የቧንቧ ረድፍ እንዲሰማ የሚመረጥበት መሳቢያ) በሜካኒክ ነው የሚሠራው። የዘመናችን ሶናታ፣ ያለ ሌላ አጃቢ ለኦርጋን ብቻ የተጻፈ፣ መጫወት እፈልጋለሁ። አስተማሪዬ ግን ‹ሶናታ ከሜንደልሶን ወዲህ ቀርቷል፣ አዲሱ ሁሉ ጫጫታ ነው፣ ደግሞም ትልቅ ኦርጋን ይፈልጋል› አሉኝ። እውነታቸውን ነው? ምንስ ልጫወት?»

አስተማሪህ ካሉት ሦስት ነገር ሁለቱ ልክ አይደሉም። ሦስተኛው፣ የኦርጋኑን መጠን የሚመለከተው፣ ግማሽ እውነት አለው። ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልንገርህ፦ ድርሰቱን መርጠህ ኦርጋን አትፈልግለት። መጀመሪያ ኦርጋንህን እወቀው፣ ከዚያ እሱ የሚችለውን ሶናታ ምረጥ። አዲስ የኦርጋን ሶናታ ጀምረው የሚተዉ ተማሪዎች ባብዛኛው ጣታቸው ስላልታዘዘላቸው አይደለም የሚተዉት። ይህን ቅደም ተከተል ስለገለበጡት ነው።

ሶናታ ቀርቷል ወይ? አልቀረም። የጀርመናዊው ደራሲ የሜንደልሶን ስድስት ሶናታዎች የታተሙት በ1845 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ በኋላ ዩሊየስ ሮይብከ የሚባል በ24 ዓመቱ የተቀጨ ወጣት በ1857 በ94ኛው መዝሙረ ዳዊት ላይ የተመሠረተ ግዙፍ ሶናታ ጻፈ። ራይንበርገር ብቻውን 20 ጽፏል። ኤልጋር በ1895፣ ቤልጅጋዊው ጆሴፍ ዮንገን በ1930 ጽፈዋል። ወደ እኛ ዘመን ስንጠጋ ደግሞ ጀርመናዊው ፓውል ሂንደሚት ሦስት አለው፤ ሁለቱ የ1937፣ አንዱ የ1940 ናቸው። ኤርንስት ክሬኔክ በ1941፣ ቪንሰንት ፐርሲኬቲ በ1960፣ ፒተር ማክስዌል ዴቪስ በ1982 ጽፈዋል። ኦስትሪያዊው አንቶን ሃይለር ሁለት ጽፏል፣ ሁለተኛው የ1953 ነው። የሂንደሚት ተማሪ የነበረው ሃራልድ ጌንትስመርም ጽፏል። በእንግሊዝ የዮርክ ካቴድራልን ኦርጋን ከ1946 እስከ 1982 የተጫወተውና በ2022 በ104 ዓመቱ ያረፈው ፍራንሲስ ጃክሰን ደግሞ ከአንድ በላይ ሶናታ ትቶልናል። ይሄ ሁሉ ተጽፎ ሳለ «ቀርቷል» ማለት አይቻልም።

የቀረ የሚመስልበት ምክንያት ግን አለ። በፈረንሳይ አሪስቲድ ካቫዬ ኮል የሚባል ኦርጋን ሠሪ ኦርኬስትራ የሚያስንቁ ኦርጋኖች ሠራ፤ በእነሱ ላይ ያደጉት ደራሲዎችም ትልልቅ ሥራዎቻቸውን ሶናታ ሳይሆን ሲምፎኒ እያሉ ሰየሙ። ቪዶር አሥር፣ ቪዬርን ስድስት የኦርጋን ሲምፎኒ አላቸው። ከዚያ ፈረንሳዊው ኦሊቪዬ ሜሲያን መጣ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ለኦርጋን ከጻፉት ሁሉ ገናና ስም ያለው እሱ ነው፣ ግን ለኦርጋን ሶናታ ብሎ የሰየመው ሥራ የለውም። ስለዚህ አንድ ሰው ታላላቆቹን ብቻ ተከትሎ ቢሄድ ሶናታ የሚል ርዕስ ሳያይ ብዙ ዓመት ሊዘልቅ ይችላል።

ጫጫታ ወደሚለው ልሂድ። ይህ አስተያየት የመጣው በ1960ዎቹ ከተሠሩት ሙከራዎች ይመስለኛል። ጊዮርጊ ሊጌቲ በ1961 እና 1962 «ቮሉሚና» የተባለውን ሥራ ጻፈ። ተጫዋቹ በመዳፉና በክንዱ ብዙ ቁልፍ በአንዴ ይጫናል፤ ኖታውም በተለመደው ምልክት ሳይሆን በሥዕል ነው የተጻፈው። ድንቅ ሥራ ነው፣ እኔ እወደዋለሁ። ግን ሶናታ አይደለም። የዘመኑን የኦርጋን ሙዚቃ ሁሉ በእሱ መለካትም አይቻልም። የሂንደሚትን ሁለተኛ ሶናታ ለማያውቅ ሰው ብታሰማው ጫጫታ ነው አይልህም፤ ምናልባት ትንሽ ደረቅ ነው ይልህ ይሆናል። የጃክሰን ሶናታዎች ደግሞ ዜማቸው ግልጽ ነው፣ ከእንግሊዝ ካቴድራል ሙዚቃ ጋር ሥጋና ደም ናቸው። የማክስዌል ዴቪስ ግን ለጆሮም ለእጅም ይከብዳል። አዲስ የሚባለው አንድ ዓይነት ነገር አይደለም ለማለት ነው።

አሁን ለአንተ ለፒያኒስቱ ዋናው ነገር ላይ ደረስን፣ እዚህ ጋ ረጋ ብለህ አንብብ። የኦርጋን ሶናታ ከፒያኖ ሶናታ የተለየ የሆነው ደራሲዎቹ ስለፈለጉ ብቻ አይደለም። መሣሪያው ነው ያስገደዳቸው። ፒያኖ ላይ አንድ ቁልፍ ስትመታ ድምፁ ወዲያው መሞት ይጀምራል፣ የድምፁን ጉልበት የሚወስነውም ጣትህ ነው። ኦርጋን ላይ ቁልፉን ቀስ ብለህ ነካኸውም በኃይል መታኸውም ድምፁ ያው ነው፤ እስክትለቀው ድረስም በዚያው ጉልበት ይቆያል። የፒያኖ ሶናታ ላይ የምታውቀው ውጥረት፣ ያ ቀስ እያለ እየጋለ ሄዶ የሚፈነዳው ነገር፣ ግማሹ የሚሠራው በጣት ክብደት ነው። ኦርጋን ይህ የለውም። ስለዚህ የኦርጋን ሶናታ ደራሲ ድራማውን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት፦ ሙሉ ድምፅን ከቀጭን ድምፅ በማጋጨት፣ አንዱ ኪቦርድ ለሌላው መልስ እንዲሰጥ በማድረግ፣ ድምፆችን እርስ በርስ በማጠላለፍ፣ በዝምታም ጭምር። የሜንደልሶን ሶናታዎች ውስጥ ራሱ ፉጋ (አንድ ዜማ በየመስመሩ ተራ በተራ እየገባ የሚሄድበት አጻጻፍ) እና ኮራል (የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ዜማ) በብዛት የምታገኘው ለዚህ ነው። የቤትሆቨንን መልክ ይዘህ ብትመጣ ታዝናለህ፣ ጥፋቱ ግን የድርሰቱ አይደለም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጣጣ አለ፣ ፒያኒስቶችን ሁሉ የሚያስቸግር። ኦርጋን ላይ ቁልፍን መልቀቅ ቁልፍን የመጫን ያህል ይሰማል። አንድ ኮርድ አራት ድምፅ ቢኖረውና አንዱን ጣት ከሌሎቹ በቅጽበት ዘግይተህ ብታነሳ፣ ያ አንድ ድምፅ ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ፒያኖ ላይ ይህን በእግርህ ፔዳል ትሸፍነዋለህ። እዚህ መሸፈኛ የለም። አንድን ዜማ ሳይቆረጥ ለማስኬድ በአራተኛው ጣት የያዝከውን ቁልፍ ሳትለቅ አምስተኛውን ጣት አምጥተህ ትተካና አራተኛውን ለሚቀጥለው ድምፅ ታስለቅቀዋለህ፤ ይህን በአንድ መስመር ውስጥ ደጋግመህ ልታደርገው ትችላለህ። አዳዲሶቹ ሶናታዎች ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ኮርዶቹ ያልለመድካቸው ናቸው፤ ጆሮህ ስህተቱን ከትክክሉ ለመለየት ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ «ፒያኖ ላይ አጥንቼው ከዚያ ወደ ኦርጋን አመጣዋለሁ» የሚለውን ሐሳብ ተወው። ኖታውን ለማንበብ ይጠቅምሃል፤ የጣት አቀማመጡ ግን በሙሉ ይቀየራል።

ትልቅ ኦርጋን ያስፈልጋል የሚለውን እንይ። ግማሽ እውነት ያልኩህ እዚህ ጋ ነው። የሚያስፈልገው ትልቅ ኦርጋን ሳይሆን ለድርሰቱ የሚሆን ኦርጋን ነው፤ ትንሽ ኦርጋን የማይችላቸው ነገሮች ግን በእርግጥ አሉ። መጀመሪያ ቁልፎቹን ቁጠር። አንዳንድ የእጅ ኪቦርድ 54 ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፣ አንዳንዱ 56፣ አንዳንዱ 58፣ አንዳንዱ ደግሞ 61። ፔዳሉም 27፣ 30 ወይም 32 ሊሆን ይችላል። በቅርብ ጊዜ የተጻፉ ብዙ ሥራዎች 61 እና 32 አለ ብለው ነው የሚነሱት። 54 ቁልፍ ባለው ኦርጋን ላይ እንዲህ ያለውን ሥራ ብትጀምር፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ዜማው ጫፍ ሲደርስ ቁልፉ የለም። ኖታ ከመግዛትህ በፊት ከፍተኛውን ድምፅ በእጅም በፔዳልም ፈልገህ እይ፤ አሳታሚዎች ብዙ ጊዜ የናሙና ገጽ ያሳያሉ።

ቀጥሎ የስቶፕ ለውጥ ነው። የአንተ ኦርጋን ስቶፖቹ በሜካኒክ የሚሳቡ ከሆኑ፣ በአንድ ጣት ተጭነህ ሁሉንም በአንዴ የምትቀይርበት ፒስተን የለህም ማለት ነው። ለትልልቅ ኮንሰርት ኦርጋኖች የተጻፉ ሶናታዎች በየጥቂት መለኪያው (ባሩ) አዲስ ድምፅ ይጠይቃሉ። ኖታውን በእርሳስ ይዘህ ሂድበትና ለውጦቹን ቁጠር፤ ለእያንዳንዱም «የትኛው እጄ ነው ነፃ የሆነው?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ «የትኛውም አይደለም» ከሆነ አጠገብህ ቆሞ ስቶፕ የሚስብልህ ሰው ያስፈልግሃል። ይህ ነውር አይደለም፣ ትልልቅ ተጫዋቾችም ያደርጉታል። ግን ያ ሰው ሙዚቃውን የሚያውቅ፣ ከአንተ ጋር ደጋግሞ የተለማመደ መሆን አለበት። በኮንሰርቱ ቀን የተገኘ ወዳጅ አይሆንም።

ኦርጋንህ ስዌል ቦክስ አለው ወይ? ማለትም ከፊሉ ቧንቧ በሣጥን ውስጥ ሆኖ በእግር የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ አለው? ከሌለው ቀስ በቀስ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ የሚጠይቁ ሥራዎችን እርሳቸው። ቅኝቱንም አጣራ። በድሮ ስልት የተቃኘ ኦርጋን ላይ፣ ጂ ሻርፕ ሆኖ የተቃኘው ቁልፍ ኤ ፍላት ሆኖ ሲነካ ጆሮ ይወጋል፤ በየመስመሩ ቶናሊቲ (የሙዚቃውን መነሻ ድምፅ) የሚቀያይሩ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሶናታዎች እዚያ ላይ አይሆኑም። እዚህ ላይ ልምምድ ምንም አያድንህም፣ ሌላ ድርሰት ብቻ ነው መፍትሔው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በክንድ የሚጫኑ ክላስተሮችን (ጎን ለጎን ያሉ ብዙ ቁልፎች በአንዴ የሚሰሙበትን)፣ ቁልፍ ላይ ክብደት ማስቀመጥን፣ ስቶፕን ግማሽ ድረስ ብቻ መሳብን ወይም እየተጫወቱ የነፋሱን ሞተር ማጥፋትን የሚጠይቅ ሥራ ካገኘህ፣ የኦርጋኑን ኃላፊ ሳታስፈቅድ አትሞክር። ትንሽ ኦርጋን ላይ የነፋሱ አቅም ውስን ነው፣ ብዙ ቁልፍ በአንዴ ስትጫን ድምፁ ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣል። «ቮሉሚና» ገና ሲጀመር በጎተቦርግ በተደረገ ልምምድ ላይ ኦርጋኑ የኤሌክትሪክ ቃጠሎ ደርሶበታል። ያ የመሣሪያው የኤሌክትሪክ ክፍል ችግር ነበር እንጂ ሙዚቃው ራሱ እሳት አይጭርም። ግን ኦርጋን የአንተ ብቻ ንብረት አይደለም፤ አንድ ጊዜ ካበላሸህ የሕንፃውን ቁልፍ ዳግመኛ የሚሰጥህ የለም።

እንግዲህ ምን ትጫወት? የሂንደሚትን ሁለተኛ ሶናታ። በዚህ አላቅማማም። «የ1937 ሥራ የዘመናችን ነው ወይ?» ልትለኝ ትችላለህ። በዕድሜ አይደለም። ግን ከእሱ በኋላ ከተጻፉት ሶናታዎች ብዙዎቹ ወይ ከእሱ ተምረዋል ወይ ከእሱ ሊሸሹ ሞክረዋል፤ ጌንትስመር በቀጥታ ተማሪው ነው። እሱን ሳያውቁ የኋለኞቹን መጀመር ከመሃል መግባት ነው። ሌላው ምክንያት ለኦርጋንህ መስማማቱ ነው። ሂንደሚት የስቶፕ ስም እየዘረዘረ አያስጨንቅህም፤ ጮክ፣ ለስለስ እያለ የድምፅ መጠኑን ነው የሚጽፍልህ፣ ድምፁን ከየት እንደምታመጣው ለአንተና ለኦርጋንህ ይተወዋል። የመጀመሪያው ክፍል ጮክ ያለውንና ለስለስ ያለውን ድምፅ ጎን ለጎን እያስቀመጠ የሚሄድ ነው፤ ሁለት ኪቦርድ ካለህ አንዱን ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው አዘጋጅተህ በእጅህ ብቻ ትዘላለህ። ሁለተኛው ረጋ ያለ ነው። ሦስተኛው ፉጋ ነው፣ ሂንደሚት ራሱ ፈካ ብሎ እንዲጫወት ጽፎበታል። በጠቅላላው ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይወስዳል።

አጠናኑን በተመለከተ ከመሃለኛው ክፍል ጀምር። እዚያ ላይ ጊዜ አለህ፣ አለቃቀቅህን ትሰማለህ። ከዚያ ፉጋው። ፉጋውን ስታጠና እያንዳንዱን የዜማ መስመር ለብቻው ተጫወት፣ ቀጥሎ ግራ እጅንና ፔዳልን ብቻ አንድ ላይ፣ ቀኝ እጅ ጭንህ ላይ ተቀምጦ። ፒያኒስት ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ለብዙ ዓመት ባሱን የያዘው ግራ እጅህ ነው፤ አሁን ባሱ ወደ እግር ሄዷል፣ ግራ እጅህ ግን ሳያውቀው እግርህን ተከትሎ መውረድ ይፈልጋል። ይህን የሚያስተካክል ከባኽ ትሪዮ ሶናታዎች የተሻለ መድኃኒት የለም። ስድስት ናቸው፣ በባኽ ሥራዎች መዝገብ ከ525 እስከ 530 ያሉት፤ ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅና እግር ሦስቱም እኩል ነፃ ናቸው። ከሂንደሚት ጎን ለጎን ከእነሱ አንድ ዘገምተኛ ክፍል ብቻ ያዝ። ሙሉውን አትጀምር፣ ከባዶች ናቸው።

ሬጂስትሬሽኑን፣ ማለትም የስቶፕ ምርጫህን፣ በቀረጻ አትወስን። የምትሰማቸው ቅጂዎች ባብዛኛው የተቀዱት ከአንተ ኦርጋን ብዙ እጥፍ በሚበልጥ መሣሪያ ላይ፣ ድምፅ ለሰከንዶች በሚያስተጋባ ሕንፃ ውስጥ ነው። ያንን ድምፅ ለማግኘት ያለህን ስቶፕ ሁሉ ብትስብ የሚወጣው ጩኸት ነው፤ የሂንደሚት መስመሮችም ይጠፋሉ። ጮክ ላለው ክፍል የ8 እና የ4 ጫማ ፕሪንሲፓል (የኦርጋኑ መሠረታዊ ድምፅ፤ 8 ጫማ እንደ ፒያኖው ቁልፍ ይሰማል፣ 4 ጫማ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፣ 16 ጫማ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል)፣ ካስፈለገም ከላዩ 2 ጫማ፤ ለስለስ ላለው አንድ ጥሩ የ8 ጫማ ፍሉት (ዋሽንት የሚመስል ድምፅ) ብቻውን ይበቃል። ፔዳሉ 16 ጫማ ብቻ ከሆነና መስመሩ ከደበዘዘ የ8 ጫማ ጨምርለት ወይም ከኪቦርዱ ጋር አጣምረው። ከዚያ ስልክህን ሰው በሚቀመጥበት ቦታ አድርገህ ቅዳና አድምጥ። ተጫዋቹ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ የምትሰማው ሌላ ነው፣ አድማጩ የሚሰማው ሌላ። አዳራሹ የሚያስተጋባ ከሆነ ፍጥነቱን ቀንስ፣ ድምፆቹንም በመጠኑ ለያይተህ ተጫወት።

ሂንደሚትን ከጨረስክ በኋላ የፐርሲኬቲን የ1960 ሶናታ እይ፤ ሪትሙ ስለታም ነው፣ ከሂንደሚት የመጣ ሰው ቋንቋውን ቶሎ ይይዘዋል። ፔዳልህ እንዲጠነክር ከፈለግህ እሱ ራሱ በ1940 ለፔዳል ብቻ፣ ያለ እጅ የሚጫወት ሶናቲና ጽፏል፤ ለልምምድም ለኮንሰርትም ይሆናል። የዜማ ሰው ከሆንክ ወደ ጃክሰን ሂድ፣ ግን እሱ ይጫወት የነበረው በእንግሊዝ ካቴድራል ኦርጋን ላይ መሆኑን አትርሳ፤ ስዌል ቦክስ ከሌለህ ብዙ ነገር ይቀርብሃል። የማክስዌል ዴቪስን ለጊዜው አድምጠው እንጂ አትጀምረው።

ስለ መብት አንድ ነገር። ሂንደሚት የሞተው በ1963 ነው። የመብት ጥበቃው ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት በሚቆይባቸው አገሮች ሥራዎቹ እስከ 2033 መጨረሻ ድረስ የተጠበቁ ናቸው። ኖታውን ከአሳታሚው ከሾት ወይም ከኖታ መሸጫ ግዛ፤ ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ ኮፒ ይዘህ ኮንሰርት ላይ አትውጣ። በሕዝብ ፊት ስትጫወትም የአዳራሹ ኃላፊዎች ለሙዚቃ መብት ማኅበር መክፈል አለመክፈላቸውን አስቀድመህ ጠይቅ።

ሌላው አማራጭ፣ ብዙ ሰው የማያስበው፣ በሕይወት ያለ ደራሲ ለአንተ ኦርጋን እንዲጽፍልህ ማድረግ ነው። የታወቀ ስም አያስፈልግም፤ ድርሰት የሚያጠና ጎበዝ ተማሪም ይሆናል። ብዙ ደራሲዎች ኦርጋንን የሚፈሩት ስለማያውቁት ብቻ ነው። የስቶፖቹን ዝርዝር ከነጫማቸው፣ የቁልፎቹንና የፔዳሉን ብዛት፣ ቅኝቱን፣ አዳራሹ ለስንት ሰከንድ እንደሚያስተጋባ ጽፈህ ስጠው፤ ከዚያ ኦርጋኑ ዘንድ ወስደህ እያንዳንዱን ስቶፕ ለብቻው አሰማው። ስንት ደቂቃ እንደሚሆን፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ትርዒት የማን እንደሆነና ለምን ያህል ጊዜ ሌላ ሰው እንደማይጫወተው በጽሑፍ ተስማሙ። ረቂቁ ሲመጣም ሳያልቅ በፊት አንድ ገጽ ኦርጋኑ ላይ ተጫወትለትና በስልክህ ቀድተህ ላክለት፤ ካለቀ በኋላ ማስተካከል ለሁለታችሁም ይከብዳል።